የእናት ሥልጣንና የርክክቡ ቀን

ለዐቅመ አዳም ወይም ለዐቅመ ሔዋን የተቃረበ ልጅ በእናቱ ላይ የሚያቀርበው ክስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ እናቴ ታዝዘኛለች እንጂ አታማክረኝም፣ የምወጣበትንና የምገባበትን ሰዓት፣ የምለብሰውን ልብስና የምመርጠውን ባልንጀራ ሳይቀር እርሷ ትወስንልኛለች ይላል። እናቲቱም ይህን ስትሰማ ልቧ ይቈስላል፤ ልጁ አገዛዝ ብሎ የሚጠራው ነገር ለእርሷ ጡት ካጠባችበትና ከእሳት ከገደል ከጠበቀችበት ጊዜ ጀምሮ ያልተቋረጠ አንድ ሥራ ነውና። ይህ ሙግት በየቤቱ ስለሚደጋገም እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ ነገር ግን በአገራችን ታሪክ ከጓዳ ወጥቶ የመንግሥት ነገር እስከ መሆን የደረሰበት ዘመን ስላለ፣ ምክንያቱን ለመመርመር የሚወድ ሰው ወደ ጎንደር ቢመለስ ብዙ ይማራል።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፉ አልጋ ወራሻቸው ኢያሱ ገና ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃን ነበሩ። እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በልጃቸው ስም መንግሥቱን በሞግዚትነት መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ራሳቸውም ዘውድ ደፍተው፣ ብርሃን ሞገሳ የሚል ስመ መንግሥት ተቀብለው፣ ከልጃቸው ጋራ በአንድነት ነገሡ። ወንድማቸውን ወልደ ልዑልን እስከ ራስነት ማዕርግ ከፍ አደረጉ፤ ሌሎቹንም ዘመዶቻቸውን ከቋራ አምጥተው በየሹመቱ አቆሙ። ስለዚህም ንጉሡ በአባታቸው ወገን ሳይሆን በእናታቸው አገር ተጠርተው ቋረኛ ኢያሱ ተባሉ፤ የእናት እጅ በአንድ ዘመነ መንግሥት ላይ ምን ያህል ከብዶ እንደ ነበር ከዚህ ስም ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ በሥልጣን ፍቅር ብቻ መተርጐም ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በዚያ ዘመን ከንጉሥ ዘር የተወለዱ ወንዶች በወህኒ አምባ ተጠብቀው ይኖሩ ነበርና፣ በዙፋን ላይ ያለው ሕፃን በማናቸውም ሰዓት በሌላ የነጋሢ ዘር ሊተካ ይችል ነበር። ፍርሃቱም ባዶ አልነበረም፤ በ1725 ዓ.ም. ዐመፀኞች ሌላ ሰው ንጉሥ ብለው ሠይመው የጎንደርን ቤተ መንግሥት በጦር ከበቡ፣ እናትና ልጅም ረድኤት እስኪደርስላቸው ድረስ ከግንቡ ውስጥ ተዘግተው ያንን መከራ አሳለፉ። ያን ጊዜ ንጉሡ ገና የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበሩ። እንዲህ ያለውን ቀን ያየች እናት ልጇ ሃያ ዓመት ሲሞላው እንኳ ከዐይኗ ቢርቅ የምትሰጋው የዚያን ቀን ጩኸት ከጆሮዋ ስላልጠፋ ነው፤ ልጁ ግን አደጋውን በሕፃንነት ዐይን አይቶታልና የሚያስታውሰው ቢኖር ጥቂት ነው፣ በየቀኑ የሚሰማው ትእዛዙን ነው።

እቴጌይቱ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው ኮረብታ ላይ ያሠሩትን ደብር ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ብለው መሰየማቸው ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው። ቍስቋም እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከሄሮድስ ሰይፍ በሸሸች ጊዜ በምድረ ግብጽ ያረፈችበት ቦታ እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፣ በየዓመቱም ኅዳር 6 ቀን በዓሉን ታከብራለች። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ የናርጋ ሥላሴን ያሳነጹት እኒሁ እቴጌ፣ መኖሪያቸውን ካቆሙበት ከቍስቋም አጠገብ ሆነው የስደተኛይቱን እናት መታሰቢያ ዕለት ዕለት ያዩ ነበር።

ሕፃኑ ግን አደጉ። የእናታቸው ሞግዚትነት የተጀመረበት ቀን በዘውድና በመለከት የታወቀ ሲሆን የሚያበቃበት ቀን በሕግም በልማድም አልተወሰነም ነበርና፣ ጐልማሳው ንጉሥ በስም ነግሠው በግብር በእናታቸውና በአጎታቸው ጥላ ሥር ቀሩ። ጊዜያቸውን በአደንና ቤተ መንግሥታቸውን በማስጌጥ ማሳለፍ ጀመሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ ከአደን በቀር ዘመቻ አያውቁም የሚል ዘለፋ በከተማው ተነዛ፤ እርሳቸውም ይህን ስም ለመፋቅ በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘመቱ። ጦርነቱ በሽንፈት ተፈጸመ፤ ነገሥታቱ ወደ ሰልፍ ይዘውት ይወጡ የነበረው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል ሳይቀር ተማረከ፣ በኋላም በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። እቴጌይቱ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የወደዱትን፣ ሦስት ሴቶች ልጆችም የወለዱለትን ምልምል ኢያሱን ንጉሡ አስገደሉት መባሉም በእናትና በልጅ መካከል የነበረው ቅሬታ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበር ያሳያል። በእናቱ ጥበቃ ብዛት ራሱን ያልፈተነ ጐልማሳ፣ ራሱን የሚፈትንበት ቀን ሲመጣ ልክ ማለፉ ከዚህ ታሪክ ይገኛል።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. በ31 ዓመት ዕድሜያቸው ሲያርፉ ርክክቡ ገና አልተፈጸመም ነበር። ልጃቸው ኢዮአስ ሕፃን ሆነው ነገሡ፤ እቴጌ ምንትዋብም ለሁለተኛ ጊዜ ሞግዚት ሆኑ። አሁን ግን በአንድ ሕፃን ላይ ሁለት እናቶች ተነሡ፤ የኢዮአስ እናት ውቢት፣ የእቴጌይቱን ምሳሌ በዐይናቸው አይተዋልና፣ እናት ለልጇ የምትነግሥ ከሆነ ተራው የእኔ ነው አሉ። የእቴጌይቱ የቋራና የውቢት የወሎ ወገኖች በዚህ ተከፋፈሉ፤ ከትግሬ የተጠራው ራስ ሚካኤል ስሑል ሁለቱንም ወገን በኃይል ተጭኖ በ1761 ዓ.ም. ኢዮአስን አስገደለ፣ ዘመነ መሳፍንትም ገባ። ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ በቍስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ሕፃናት አክሟል፤ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን የቀበሩት አሮጊቷ እቴጌም በሚቀጥለው ትውልድ ላይ እንደ ልማዳቸው ይጨነቁ ነበር። እርሳቸውም በ1765 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ።

ከቤተ መንግሥቱ ወደ ገበሬው ቤት ብንወርድ የእናት ሥልጣን ከዚህ ያነሰ እንዳልነበረ እናያለን። ጓዳው፣ እህሉና ባልትናው፣ የልጆቹም ጠባይ በእርሷ እጅ ነበር፤ አባት በሜዳና በሸንጎ ሲውል የልጁን ነውር መጀመሪያ የምትሰማና መጀመሪያ የምትቀጣ እርሷ ነበረች፣ በመንደሩም ልጁ ስድ ቢሆን የምትወቀሰው እናት ነበረች። ነገር ግን ለዚህ ሥልጣን ልማድ ዳርቻ አበጅቶለት ነበር። ወንዱ ልጅ ፊደል ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ለምድ ለብሶ አኵፋዳ ይዞ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ወይም ሚስት አግብቶ ጎጆ ሲወጣ፣ እናቱ አልቅሳና መርቃ ትለቅቀው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበራትም። የሴት ልጅ ዕጣ ግን የሚመሰገን አልነበረም፤ ገና ሳትጐለምስ ስለምትዳር ከእናቷ ሥልጣን ወጥታ በአማቷ ሥልጣን ሥር ትገባ ነበርና፣ ለእርሷ ርክክቡ ነጻነት አልሆነም።

ዛሬ በከተማ የሚያድገው ልጅ ከገበሬው ልጅ ይልቅ ወደ ዐፄ ኢያሱ የቀረበ ነው። ትምህርቱ ረዥም ነው፣ ሥራው ዘግይቶ ይመጣል፣ ትዳሩም ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ዓመት በእናቱ ቤት፣ በእናቱ ማዕድ፣ በእናቱ ዐይን ሥር ይኖራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን የሚደረስበትን ዕድሜ በ18 ዓመት ወስኗል፤ ሆኖም ይህ ቀን በቤት ውስጥ ሥርዓት የለውም፣ ምርቃት የለውም፣ እናቲቱ የምትለቅቀውን ልጁም የሚረከበውን የሚያሳውቅ ምልክት የለውም። ሕፃን ለመጠበቅ የተሰጠ ሥልጣን ሕፃንነቱ ካለፈ በኋላ ሲቀጥል ለሰጪው ፍቅር፣ ለተቀባዩ ግን አገዛዝ ሆኖ ይታያል፤ እናቶች ገዢ የሚመስሉት ፍቅራቸው ስለ ጐደለ ሳይሆን የሞግዚትነታቸው ማብቂያ ስላልተነገራቸው ነው።

ስለዚህ ልጆች እናታቸውን ከመክሰሳቸው በፊት ያየችውን የአደጋ ቀን ሊጠይቋት ይገባል፤ የትእዛዟ ምክንያት በዚያ ይገኛልና። እናቶችም በበኩላቸው ሥልጣናቸውን ተነጥቀው ከማጣታቸው በፊት በየጥቂቱ ሊያስረክቡ ይገባል፤ አንድ ዓመት የገንዘቡን፣ አንድ ዓመት የሰዓቱን፣ አንድ ዓመት የምርጫውን ነገር ለልጁ እየተዉ፣ በትንሹ ስቶ በትንሹ እንዲታረም ቢፈቅዱለት፣ እንደ ስናሩ ዘመቻ ያለ ትልቅ ስሕተት ባላስፈለገው ነበር። እቴጌ ምንትዋብ አብያተ ክርስቲያናትን ያነጹ፣ ዙፋንን ከጦር ያዳኑ ታላቅ ሴት ነበሩ፤ ያልሠሩት አንድ ሥራ ቢኖር ልጃቸው ያለ እርሳቸው እንዲቆም ማልመድ ነው፣ ይህም ሥራ ዛሬ በእያንዳንዷ እናት እጅ አለ።