ተሳቢ፤ ከጦር ግንባር እስከ መጠለያ ሰፈር

ሞተር ለሌለው ተሽከርካሪ ታሪክ የሚጽፍለት ሰው ጥቂት ነው። ስለ ታንክ፣ ስለ አውሮፕላንና ስለ ከባድ መኪና የተጻፈው መደርደሪያ ሲሞላ፤ ከኋላ ተጐትቶ ጥይቱን፣ ነዳጁን፣ እህሉንና በመጨረሻም ቤቱ የፈረሰበትን ሰው የተሸከመው ተሳቢ በአንድ መስመር ይታለፋል። ተሳቢ በራሱ ስለማይሄድ ይህ አያስደንቅም። ዳሩ ግን ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጩት ከዚሁ በራሱ ካለመሄዱ ነው። ውድ የሆነው ሞተር ከጭነቱ ተለይቶ ወደ ሌላ ሥራ ሊሄድ ይችላል፤ የተተወው ተሳቢ ደግሞ ተመልሶ የሚወስደው ካላገኘ በቆመበት ይቀራል።

ይህንን መለያየት አስቀድመው የተረዱት መድፈኞች ናቸው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የመድፉ ጅራት በባለ ሁለት መንኰራኵር ጋሪ ላይ እየተንጠለጠለ በፈረሶች ይጐተት ነበር። ከተኩሱ ቦታ ሲደርሱ መድፉ በስፍራው ይቀርና ጋሪውና ፈረሶቹ ወደ ኋላ፣ ወደ መከታ ይወሰዳሉ። ፈረንሳዊው ጄኔራል ግሪቦቫል እ.ኤ.አ. ከ1765 ጀምሮ የአገሩን የመድፈኛ ጦር ሲያሻሽል መንኰራኵሮቹና ሌሎቹ ክፍሎች በአንድ ልክ እንዲሠሩ አደረገ፤ የአንዱ ጋሪ ሲሰበር የሌላው እንዲተካለት ነው። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦኧሮች ጋር ሲዋጉ፣ ጋሪዎችን ከኋላቸው የሚያስከትሉ የእንፋሎት ጐታቾችን አሰለፉ። ጐታቹ እንደ በሬና እንደ በቅሎ በበሽታ አያልቅም፤ ውሃና የድንጋይ ከሰል ሲያልቅበት ግን እንደ በሬው ይቆማል።

ተሳቢ ሙሉ ማዕረጉን ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጂፕን የመጀመሪያ ናሙና እ.ኤ.አ. በ1940 ሠርቶ ያቀረበው ባንታም የተባለው አነስተኛ የአሜሪካ ፋብሪካ ሲሆን፣ የብዛቱ ሥራ ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠና ባንታም የጂፕን ተሳቢ ወደ መሥራት ዞረ። ፈረሱን ያሳደገው ሰው ኮርቻ ሰፊ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ተሳቢው ግን የሚናቅ አልነበረም፤ ሣጥኑ ውሃ ስለማያስገባ ወንዝ ሲሻገር ይንሳፈፍ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ዳይመንድ ቲ በተባለው መኪና የሚጐተተው፣ 24 ጎማ ያለውና 45 ቶን የሚሸከመው የታንክ ተሳቢ ይገኛል። ታንክ በራሱ ሰንሰለት ረጅም መንገድ ከሄደ ከውጊያው በፊት ሰንሰለቱም ሞተሩም ያልቃል፤ ስለዚህ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ታንኮቻቸውን በተሳቢ ጭነው ያጓጉዙ፣ የተመታውንም በዚያው ወደ ጥገና ይመልሱ ነበር።

የተሳቢ ትክክለኛ ዋጋ የታየው ግን በፈረንሳይና በቤልጅግ መንገዶች ላይ፣ ሁለት የጭነት ዘመቻዎች ጐን ለጐን ሲተያዩ ነው። የመጀመሪያው ሬድ ቦል ኤክስፕረስ የተባለው፣ ከነሐሴ 25 እስከ ኅዳር 16 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. የቆየው የአሜሪካኖች ዘመቻ ነው። ከኖርማንዲ ወደ ፊት የገሰገሰው ጦር ነዳጅና ጥይት እያለቀበት ስለሄደ፣ አንድ መሄጃና አንድ መመለሻ መንገድ ለጭነት ብቻ ተከለለ፤ እጅግ በበዛበት ቀን ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ መኪናዎች ከ12 ሺህ ቶን በላይ አጓጓዙ። ከሾፌሮቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ዝናው የተገባ ነው፤ በድምሩ ከ412 ሺህ ቶን በላይ ደርሷል። ይሁን እንጂ ሥራው በአብዛኛው በ2 ቶን ተኩል መኪናዎች ከልክ በላይ እየተጫነ የተካሄደ ስለሆነ፣ መኪናዎቹን ክፉኛ ጨርሷቸዋል። ጎማው በመንገድ ላይ በተጣለ የምግብ ቆርቆሮ ሳይቀር ይቀደድ ነበር። መኪናው ተጭኖ እስኪያበቃ፣ ደግሞም እስኪራገፍ ድረስ ሞተሩም ሾፌሩም ያለ ሥራ ይቆማሉ።

ሁለተኛው ዘመቻ እንደ ፊተኛው አልተዘፈነለትም። አንትወርፕ ወደብ ከተከፈተ በኋላ፣ ከኅዳር 30 ቀን 1944 እስከ መጋቢት 26 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ለ117 ቀን የተካሄደውና በአንትወርፕ፣ በብራስልስና በሻርልሯ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ኤቢሲ የተባለው ነው። እዚህ ላይ የዋለው 10 ቶን የሚሸከም ከፊል ተሳቢ፣ ማለትም የፊት እግር የሌለው፣ ግንባሩን በጐታቹ ጀርባ ላይ የሚያሳርፍ ተሳቢ ነበር። ጐታቹ የተጫነውን ያደርሳል፤ እዚያው ፈትቶ ይተወውና የተራገፈውን አያይዞ ይመለሳል። ወደቡም አጠገብ ተሳቢዎች የሚሰበሰቡበትና የሚመደቡበት ሰፊ ግቢ ተዘጋጀ። በዚህ መንገድ 245 ሺህ ቶን ተጓጓዘ። በቶን ብዛት ከሬድ ቦል ያንሳል፤ በሥርዓት ግን እጅግ ይበልጠዋል። ጥበቡም ያለው በብረቱ ላይ ሳይሆን በግቢው ላይ ነው። የት እንደሚፈታ፣ ማን እንደሚያራግፈው፣ መቼ እንደሚመለስ የሚመዘግብ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሁሉ ተሳቢ በቤልጅግ መንገድ ዳር የቆመ ሣጥን በሆነ ነበር።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የእርዳታ እህል በአሰብ ወደብ የተከማቸው፣ እህሉን የሚያነሣው መኪና ስላነሰ ነው። በዋናው የአሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ተስማሚ ነበር፤ ወደ ደጋው ገጠር በሚያወጣው ጠባብ ዳገት ግን ተሳቢ መግቢያ አልነበረውም። ስለዚህ እህሉ በመካከል እየተራገፈ በአነስተኛ መኪና፣ ከዚያም በአጋሰስ ጀርባ ይጓዝ ነበር። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ የሚባክነው ቀን የተራበው ሰው ቀን ነው።

ተሳቢ ለሰው መኖሪያ መሆን የጀመረውም ከጦርነቱ ጋር ተያይዞ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ተሳቢ ቤቶችን ገዝቶ ነበር፤ የአቶሚክ ቦምብ ሥራ በተካሄደባቸው በሃንፎርድና በኦክ ሪጅ ሰፋፊ የተሳቢ ሰፈሮች ተቋቋሙ። ከዚያ ወደ አደጋ ጊዜ መጠለያ መሻገሩ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 አግነስ የተባለው ማዕበል ያስከተለው ጐርፍ የፔንሲልቬንያን ከተሞች ባጠለቀለቀ ጊዜ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ ተንቀሳቃሽ ቤቶችን አቀረበ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ነሐሴ 29 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ የሉዊዚያናንና የሚሲሲፒን ጠረፍ በመታ ጊዜ ነው። ፌማ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የፌዴራሉ የአስቸኳይ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ በካትሪናና ተከትሎት በመጣው ሪታ በተባለው ዐውሎ ነፋስ ለተጐዱት ወደ 145 ሺህ የሚጠጉ የሽርሽር ተሳቢዎችንና ተንቀሳቃሽ ቤቶችን በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ብዙዎቹ በባለቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከፈረሰው ቤት ጐን ተተከሉ። በብሎኬት ላይ ተደግፈው፣ ውሃና መብራት ተቀጥሎላቸው፣ ሰውየው ሌሊት በተሳቢው እያደረ ቀን ቤቱን ይጠግን ነበር። እንዲህ የሆነበት ቦታ ሁሉ ተሳቢው የሚመሰገን ሥራ ሠርቷል፤ ይህ በኋላ በደረሰው ነቀፋ ውስጥ ሊረሳ አይገባም።

ይሁን እንጂ ግዢው ከመድረሻው በፊት ቀደመ። ወደ 10 ሺህ የሚሆኑ ተንቀሳቃሽ ቤቶች በአርካንሶ ግዛት፣ ሆፕ በተባለች ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተደርድረው ቀሩ። የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ደንብ እንዲህ ያለ ቤት ጐርፍ በሚደርስበት መሬት ላይ እንዳይቆም ይከለክል ነበር፤ ቤት ያጣው ሕዝብ የሚኖረው ደግሞ በዚያው መሬት ላይ ነበር። የከተማይቱ ስም በቋንቋቸው ተስፋ ማለት መሆኑ ለጋዜጠኞች ጥሩ መሳቂያ ሆነ።

ሰው የገባባቸውም ሌላ ችግር ታየባቸው። የሽርሽር ተሳቢ ለጥቂት ሳምንት ዕረፍት እንጂ ለዓመታት ኑሮ አልተሠራም። ግድግዳውና ቁምሳጥኑ ከችፑድና ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ስለሆነ፣ ሙጫው ፎርማልዴሃይድ የተባለውን ጋዝ ይተፋል፤ ቤቱ ጠባብና የታፈነ፣ አገሩም ሞቃትና እርጥብ በመሆኑ ጋዙ ይበረታል። ዓይን የሚያቃጥል፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር አለ እያሉ ነዋሪዎች ከ2006 ጀምሮ ቢያመለክቱም፣ የመንግሥቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል 519 ቤቶችን የመረመረው በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ላይ ነው። በአንድ ቢሊዮን የአየር እጅ ውስጥ በአማካይ 77፣ በከፋበት 590 እጅ ተገኘ። ምርመራው የተካሄደው በክረምታቸው ብርድ ጊዜ ስለነበረ፣ በጋ ሲመጣ ከዚህ እንደሚጨምር ታውቆ ነዋሪዎቹ ሙቀቱ ሳይገባ እንዲወጡ ተመከረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋብሪካዎቹና የሥራ ተቋራጮቹ ለ55 ሺህ ያህል ከሳሾች 42.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ ለእያንዳንዱ ቢካፈል ከ800 ዶላር ያንሳል። የመጨረሻው የፌማ ተሳቢ ከኒው ኦርሊንስ የወጣውም በዚያው ዓመት በየካቲት ነው።

ጥፋቱን በችፑዱ ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነበር። ነገር ግን የ18 ወር መጠለያ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየው፣ ነዋሪው ከተሳቢው ወጥቶ የሚገባበት የኪራይ ቤት በጊዜው ስላልተዘጋጀ ነው። በአንትወርፕ ግቢ መዝገብ ይዞ የቆመው ሰው እዚህ አልነበረም።

መንግሥት ተሳቢዎቹን በሐራጅ ሲሸጥ ለመኖሪያነት እንዳይውሉ የሚከለክል ማስታወቂያ በላያቸው ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ጉድጓድ ፈንድቶ ዘይቱን የሚያጸዱ ሠራተኞች ወደ ሉዊዚያና ሲጐርፉ፣ ነጋዴዎች እነዚያኑ ተሳቢዎች መኝታ ብለው አቀረቡላቸው። ማስታወቂያው ከአንዳንዶቹ ላይ ተነሥቶ ነበር።