የውሻና የድመት ጥርስ ሕክምና ስለ ምን ዘገየ?

ሰው የእንስሳን ጥርስ መመልከት የጀመረው በይበልጥ ዋጋውን ለመገመት እንጂ ሕመሙን ለማወቅ አልነበረም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የውሻና የድመት ጥርስ ሕክምና የዘገየበትን ምክንያት እንመረምራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። ልማዱ ጥንታዊ ነው። ግሪካዊው ክሴኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፥ ገዢ የፈረሱን ዕድሜ ከጥርሱ እንዲያውቅ ይመክራል። ከልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም ቅዱስ ሄሮኒሞስ፥ በስጦታ የመጣን ፈረስ ጥርስ መመርመር እንደማይገባ የሚናገረውን ተረት በዘመኑ የታወቀ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ከዚህ የምንረዳው፥ ግዢ ከሌለ ጥርስ የሚታይበት ምክንያት እንዳልነበረ ነው።

ውሻና ድመት ግን እንደ ጋማ ከብት በጥርሳቸው ተገምተው የሚሸጡ ስላልነበሩ አፋቸውን የሚመረምር ጥቂት ነበር። አርስቶትል የወጣት ውሻ ጥርስ ነጭና ስል፥ የሽማግሌው ጥቁርና ዱልዱም መሆኑን አስተውሏል። ይሁን እንጂ ውሻ ጥርሱን ይለውጥ እንደ ሆነ ሰዎች አልተስማሙም ነበር፤ ከፊሎቹ ምንም አይለውጥም፥ ሌሎቹም ክራንቻውን ብቻ ይለውጣል ይሉ እንደ ነበር እርሱ ራሱ ጽፏል። እውነቱ ግን ቡችላ 28ቱን የወተት ጥርሶች ሁሉ ጥሎ 42 ያበቅላል፤ የድመት ግልገልም 26ቱን ጥላ 30 ታበቅላለች። የወደቁትን ብዙ ጊዜ ስለሚውጧቸው የቤቱ ሰው አያያቸውም።

ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱም ቅድሚያው አልተለወጠም። በ1761 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም የተፈቀደለት ክሎድ ቡርዥላ የፈረስ ግልቢያ መምህር ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ይጠበቅ የነበረውም ከብት የሚፈጀውን ወረርሽኝ መከላከል ነበር። የሚያርሰው፥ የሚጋለበውና የሚታለበው ቀደመ።

ሁለተኛው ምክንያት የእንስሳቱ ዝምታ ነው። በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ድድን ያቆስላል፤ ውሎ አድሮም ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይጎዳል። ነገር ግን የታመመው ውሻ ብዙውን ጊዜ መብላቱን ስለማይተው ጤነኛ ይመስላል። እንግሊዛዊው የጥርስ ሐኪም ፍራንክ ኮልየር በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በቤተ መዘክር የተቀመጡ የእንስሳት ራስ ቅሎችን መርምሮ የጥርስና የመንጋጋ ሕመም ምልክቶችን ዘርዝሯል። እንስሳው በሕይወቱ ያልተናገረው በአጥንቱ ላይ ተገኘ ማለት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ መኪና የፈረስን ሥራ ሲወስድ፥ የከተማ እንስሳት ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ውሻና ድመት መለሱ። በ1976 በአሜሪካ የእንስሳት ጥርስ ሕክምና ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1988ም ሙያው ራሱን የቻለ ልዩ ዘርፍ ሆኖ ታወቀ። ዛሬ ሐኪሙ እንስሳውን በማደንዘዣ አስተኝቶ ከድዱ በታች ያጸዳል፤ ሥሩንም በራጅ ይመረምራል፤ ባለቤቱም በቤቱ በብሩሽ እንዲያጸዳለት ይመከራል።

እንግዲህ ለዋጋ ሲባል የፈረስ ከንፈር ከተገለጠበት ዘመን አንሥቶ የውሻና የድመት ጥርስ ልዩ ሙያ እስኪሆን ድረስ ከ2000 ዓመት በላይ አልፏል። ዕውቀቱ ቢገኝም የቀድሞው አመለካከት ፈጽሞ አልጠፋም፤ የውሻ አፍ መሽተቱ ተፈጥሮው ነው ተብሎ ሲታለፍ እንሰማለንና። ይህ ሽታ ግን ብዙውን ጊዜ የድድ ሕመም ምልክት ስለሆነ፥ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።