አርጊ-ገቺ፦ ደም የማያቀጥነው «የደም ማቅጠኛ»

«አባባ የደም ማቅጠኛ ጀምረዋል» የሚለው ወሬ ስትሮክ በገባበት ቤት ሁሉ ይሰማል። ሰሚው ደማቸው ውሃ እንደተጨመረበት ወጥ የቀጠነ ይመስለዋል። አልቀጠነም። የሚወስዱት አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ከሆነ መድኃኒቱ የደሙን ውፍረት አይነካም፤ ሥራው ፕሌትሌት ከሚባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ጋር ነው። ሐኪሞች ይህን የመድኃኒት ወገን «አንቲፕሌትሌት» ይሉታል።

ፕሌትሌት ማለት ትንሽ ሳህን ማለት ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራቸው ሲጽፍ በራሱ ቋንቋ የሰጣቸው ስም ትርጉሙ ይኸው ነው። የእኛው «ደም አርጊ ሕዋስ» ግን መልካቸውን ትቶ ሥራቸውን ስለሚናገር ይበልጥብኛል። ወተት ረግቶ እርጎ እንደሚሆን ደምም ቁስል ላይ ይረጋል፤ አርጊዎቹ እነሱ ናቸው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ የሚሆኑ አሉ። ጣት በቢላ ሲቆረጥ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ችግሩ፣ ስብ የተጋገረበት የደም ቅዳ ግድግዳ ሲሰነጠቅም ያው ቁስል ይመስላቸዋል። እዚያ የተከመረው ጓል መንገዱን ከዘጋ፣ ወይም ተገንጥሎ ወደ አንጎል ከሄደ፣ ስትሮክ ይሆናል።

መድኃኒቱን «ፀረ-አርጊ» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ አልወደድኩትም፤ ፀረ-ተባይ ተባይ ይገድላል፣ ይህ ግን ሕዋሱን አይገድልም። ፈረስ በልጓም እንደሚገታ ይገታዋል እንጂ። ስለዚህ «አርጊ-ገቺ» እላለሁ።

አስፒሪን አርጊዎቹ ለመጣበቅ የሚያስፈልጋቸውን ኢንዛይም ያበላሻል። ኒውክሊየስ ስለሌላቸው መልሰው ሊሠሩት አይችሉም፤ እንደተገቱ ከ7 እስከ 10 ቀን የሆነ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ከአንዳንድ ቀዶ ሕክምና በፊት መድኃኒቱ ለቀናት እንዲቆም የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ክሎፒዶግሬል በሌላ በር ይገባል፤ አርጊዎቹ የሚጠራሩበትን መልእክት መቀበያ ይዘጋል። ሲዋጥ ግን ገና አልነቃም፤ የሚያነቃው ጉበት ነው። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ይህን የጉበት ሥራ ስለሚያዳክም ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

በዚሁ «ማቅጠኛ» በሚለው ስም የሚጠራው ዋርፋሪን ወገኑ ሌላ ነው። እሱ የሚይዘው በቫይታሚን ኬ የሚሠሩትን የደም አርጊ ፕሮቲኖች ስለሆነ በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን ከስሙ ሁሉ ይብሳል። ስትሮክ ሁሉ ከመርጋት አይመጣም፤ የአንጎል ደም ሥር ፈንድቶ የሚመጣም አለ፣ ያኔ አርጊ-ገቺ መድማቱን ሊያባብስ ይችላል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ስለዚህ ፊቱ በድንገት ለተጣመመ፣ ክንዱ ለዛለ፣ አንደበቱ ለተሳሰረ ሰው ቤት ውስጥ አስፒሪን አታውጡ፤ ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት።