ጓዳ የሆነው መታጠቢያ ቤት፦ በአዲስ አበባ የቤተሰብ መኖሪያ ውስጥ የውሃ ማስቀመጫ ታሪክ

በታሪክ መድረኮቻችን ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት ይዞታ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናገረው ስለ መታጠቢያ ቤት ነው። ምክንያቴን በአንድ የክፍል ገጠመኝ ላስረዳ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማ ታሪክ ተማሪዎቼ የየቤታቸውን መታጠቢያ ክፍል ለክተው፣ ንድፉን በወረቀት ላይ ሠርተው እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። ንድፎቹን ስመለከት የሽንት ቤቱ መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩና በሩ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። የውሃ በርሜል የነደፉት ግን ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ስጠይቃቸው በርሜል ወይም የጀሪካን ረድፍ የሌለበት ቤት አልተገኘም። «ታዲያ ለምን ተዋችሁት?» ስል አንዲት ተማሪ «እሱ እኮ የቤቱ አካል አይደለም» ብላ መለሰችልኝ።

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ አባባል የዘገየ መልስ ነው። በርሜሉ የቤቱ አካል መሆኑን፣ አካል እንዳልሆነ መቆጠሩም የራሱ ታሪክ እንዳለው ለማሳየት እሞክራለሁ።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ለመታጠቢያ ሲባል ነው ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ ሳለ ንጉሥ ምኒልክና ተከታዮቻቸው ፊንፊኔ ወደሚባለው ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ስፍራውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. በአቅራቢያው ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ይሁን እንጂ ከፍልውሃ አጠገብ ያደገችው ከተማ በቤቶቿ ውስጥ መታጠቢያ ክፍል አልነበራትም። ሰው ገላውን የሚታጠበው በወንዝ፣ በፍልውሃ ወይም በጓሮ በተቀመጠ ሳፋ ነበር። ለመጸዳዳት ከቤት ይወጣል። ውሃ ደግሞ ከምንጭ በእንስራ ተቀድቶ በጓዳ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ማስታጠቢያው ወደ እሱ ይቀርባል እንጂ እሱ ወደ ውሃው አይሄድም። በዚህ ሥርዓት መታጠብ፣ መጸዳዳትና ውሃ ማስቀመጥ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች እንደነበሯቸው ልብ ይሏል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ሌላ ዓይነት ቤት መጣ። ካዛንቺስ የሚለው የሰፈር ስም ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት አህጽሮት የተገኘ ነው፤ «ባኞ ቤት» የምንለውም ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። በዚህ አዲስ ክፍል ውስጥ መታጠብና መጸዳዳት በአንድ ጣሪያ ሥር ተጣመሩ። ውሃ ማስቀመጥ ግን ከፕላኑ ወጣ፤ ቧንቧ ይተካዋል ተብሎ ታስቧልና። ከነጻነት በኋላ በተሠሩት ቪላዎችም ባኞ ቤቱ በዋናው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ከኋላ በተሠራው ሰርቪስ ቤት በኩል የሠራተኞቹ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነበር። ማን በየት እንደሚታጠብ የቤቱ አሠራር ራሱ ይወስን ነበር ማለት ነው።

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ብዙ የኪራይ ቤቶችን ወደ ቀበሌ አዛወረ። እኔ ያደግሁት ከእነዚህ በአንዱ ነው። በግቢያችን ስምንት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ይጠቀም ነበር፤ ውሃ የምንቀዳው ከቦኖ ነው። ተራ የምትይዘው ታናሽ እህቴ ነበረች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ትምህርት ቤት አርፍዳ ትደርሳለች። በዚያው ሰዓት እኔ በኩራዝ ብርሃን ታሪክ አጠና ነበር።

በ1990ዎቹ ማብቂያ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲስፋፋ ታላቅ ለውጥ መጣ። ከስቱዲዮ እስከ ባለ ሦስት መኝታ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መታጠቢያ ክፍል ኖረው። ሽንት ቤት ተጋርቶ ለኖረ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናቴ የራሷን በር የቆለፈችበትን የመጀመሪያ ቀን አልረሳውም። ነገር ግን ፕላኑ የተነደፈው ቧንቧው ሳያቋርጥ ይፈሳል በሚል እሳቤ ነው፤ ውሃው ደግሞ በብዙ ሰፈር የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ከፕላኑ የወጣው ሦስተኛው ተግባር፣ ማለትም ውሃ ማስቀመጥ፣ ተመልሶ መጣ። ጓዳ ስላላገኘ መታጠቢያ ቤቱን ጓዳ አደረገው።

ስሌቱን እንመልከት። አምስት ሰዎች ላሉት ቤተሰብ በቀን ለአንድ ሰው 20 ሊትር ብቻ ብንመድብ፣ ውሃ ለሦስት ቀን ቢጠፋ 300 ሊትር ያስፈልጋል። ይህም አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜልና አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ነው። የእኔ መታጠቢያ ክፍል 1.30 በ2.10 ሜትር ነው፤ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው በርሜል ብቻውን ከወለሉ አሥረኛውን እጅ ያህል ይወስዳል። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት በርሜሉን ይመታል። ፎጣ፣ ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚቀመጡት በርሜሉ ክዳን ላይ ነው፤ ውሃ በተቀዳ ቁጥር ሁሉም ይነሣል። ቧንቧው በማይደርስበት ቀን ደግሞ እያንዳንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ሆኖ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ እስከ አራተኛ ፎቅ በሰው ትከሻ ይወጣል።

እንግዲህ የቤተሰብ መታጠቢያ ቤት ሲታቀድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውሃው ሲጠፋ ይህ ቤት እንዴት ይኖራል?» የሚል መሆን አለበት። ለበርሜሉ ከበሩ መክፈቻ ውጭ ቢያንስ 70 በ70 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይተውለት። ማስቀመጫው ከወለል ከፍ ብሎ ከታች ቧንቧ ቢገጠምለት ሕፃንም አረጋዊም ሳይጎነበስ ይቀዳል፤ ሲሞላ ግን 200 ኪሎ ስለሚመዝን መደገፊያው ጠንካራ ይሁን። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከመታጠቢያው በግድግዳ ቢለይ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ደጅ አይጠብቅም። ልብስ የታጠበበት ውሃ ለሽንት ቤት እንዲውል የባልዲ ቦታ ይኑር። መደርደሪያው ከበርሜሉ በላይ በግድግዳ ላይ ይሁን፤ መድኃኒት ግን እርጥበት ስለሚያበላሸው በዚያ አይቀመጥ።

«ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» የሚል ይኖራል። እኔ ግን የታሪክ ጉዳይም ነው እላለሁ። በርሜሉን ከንድፍ ስናስወጣ አብሮ የሚወጣው ውሃውን የሚሸከመው ሰው ነው፤ ይህም ሰው ብዙ ጊዜ እናት፣ እህት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። የእኔን ትምህርት ስተርክ ለብዙ ዓመታት ስለ መምህሮቼና ስለ መጻሕፍቴ እናገር ነበር። ያ የጥናት ሰዓት ማን እንደሰጠኝ የገባኝ ግን እኔው ራሴ ጀሪካን ይዤ ደረጃ መውጣት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ለእህቴ ነገርኳት። ሳቀችና «አሁን ገባህ?» አለችኝ።

ውድ ተማሪዎች፤ ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትገቡ ንድፉን እንደገና ሥሩት። በርሜሉን ጨምሩ፤ ከጎኑም የሚሞላውን ሰው ስም ጻፉ።