ካርመንሲታ በሠዓሊና በፊልም መኪና ፊት

ደራሲ መጽሐፉን፣ ሠዓሊም ሥዕሉን ለመጪው ትውልድ ሲያወርስ፣ የመድረክ ዳንሰኛ ግን መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ ከተመልካቹ ትዝታ በቀር የሚተርፈው ቅርስ አልነበረም። ይህ ጥንታዊ ሥርዓት በ19ኛው ምዕት ዓመት ፍጻሜ ላይ በፊልም መምጣት በተሻረ ጊዜ፣ ዕድሉ አስቀድሞ ከደረሳቸው ሴቶች አንዷ ካርመንሲታ በሚለው የመድረክ ስሟ የታወቀችው እስፓኛዊት ካርመን ዳውሴት ናት።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 በአልሜሪያ ከተማ የተወለደችው ይህች ሴት፣ በ1889 ወደ ኒውዮርክ ተሻግራ፣ በማግሥቱ ዓመት ኮስተርና ቢያል በተባለው የሙዚቃ አዳራሽ ዝናዋ እጅግ ስለ ገነነ፣ ሁለት ስመ ጥር ሠዓልያን በዚያው በ1890 መልኳን ለመሳል በቁ። ጆን ሲንገር ሳርጀንት ወርቅማ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን በወገቧ አድርጋ በኩራት እንደ ቆመች ሲያሳያት፣ ዊልያም ሜሪት ቼዝ ደግሞ በምትደንስበት ቅጽበት ሣላት፤ በእግሯ ሥር የወደቁት እቅፍ አበባና የወርቅ አምባር ተመልካቹ በአድናቆት የወረወራቸው ገጸ በረከቶች ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1894፣ በኒውጀርሲ ግዛት በዌስት ኦሬንጅ ወደሚገኘው የቶማስ ኤዲሰን ፊልም ማንሻ ቤት ገባች። ቤቱ ዙሪያው በጥቁር ሬንጅ ወረቀት የተለበጠ፣ ጣራው ለፀሐይ የሚከፈት፣ ራሱም በሐዲድ ላይ እየዞረ ብርሃንን የሚከተል ነበር። በዊልያም ዲክሰን መሪነት በተነሣው በዚህ ፊልም ካርመንሲታ በጨለማው መደብ ፊት ስትሽከረከር፣ እግሯን ስታነሣና ሰፊው ቀሚሷ በዙሪያዋ ሲዘረጋ ይታያል፤ ሁሉም የሚፈጸመው በ21 ሰከንድ ያህል ነው።

ያን ጊዜ ፊልም በሸራ ላይ አይታይም ነበርና፣ ኪኔቶስኮፕ በተባለው ሣጥን ላይ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው የሚመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በአዳራሽ በሕዝብ ፊት ስትደንስ የኖረችው ሴት በዚህ ጊዜ ለአንድ ተመልካች ብቻ የምትደንስ ሆነች።

ሆኖም የፊልሙ መኪና የሠዓሊን ሥራ ሻረ ማለት ስሕተት ነው፤ ሳርጀንት ቀለሟንና ግርማዋን፣ ቼዝ የሕዝቡን ፍቅር፣ ፊልሙም እንቅስቃሴዋን አቆዩልን እንጂ፣ ዜማዋንና የእግሯን ድምፅ የያዘ አንድም የለም። የ21 ሰከንዱ ማጠርም የመኪናው ልክ እንጂ የጥበቧ ልክ ስላልሆነ፣ ካርመንሲታን ማወቅ የሚሻ ሰው ሦስቱን ምስክሮች በአንድነት ሊጠይቅ ይገባዋል።