ፓርላማው የሚያስታውሳቸው፣ መድረኩ የረሳቸው ስንዱ ገብሩ

መንዝ ላይ «ባለ ቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጥቀሱ» ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ ከበደ ሚካኤል። የገርም ገብርኤሉ ልጅ «አኒባል»ንና «ካሌብ»ን የጻፉ፣ «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ወደ አማርኛ የመለሱ ሰው ናቸው። ክብሩ ይገባቸዋል።

እሳቸው በ1909 ዓ.ም. ከመወለዳቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1908 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓለም ላይ አንዲት ልጅ ተወልዳ ነበር። እሷም እንደሳቸው ግጥምና ተውኔት ጻፈች። ስሟ ሲነሣ ግን «ቴአትር» የሚለው ቃል አብሮ አይነሣም።

የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ገና በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ተማርከውም ከመቶዎች ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ።

ከነጻነት በኋላ መምህርት ሆኑ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተርም ነበሩ። ብዕራቸው የሠራው እዚያ ነው። ለተማሪዎቻቸው ሃያ የሚጠጉ ተውኔቶችን እንደጻፉ ይነገራል። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ይጫወት በነበረበት ዘመን፣ ልጃገረዶችን መድረክ ላይ ማቆም ቀላል ነገር አልነበረም። አዝማሪ እንጂ ጨዋ በአደባባይ አይጫወትም በሚባልበት አገር ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ተውኔት የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» ታተመ። ከዚያ ፖለቲካው ወሰዳቸው። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ አሸንፈው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ፤ ኋላም የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት። ይህ ማዕረግ ጸሐፊዋን ሸፈናት። ዛሬ ስለ ስንዱ የሚጻፍ ሁሉ «የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል» ብሎ ይጀምራል፤ አብዛኛውም እዚያው ያበቃል።

ለምን ተረሱ? «ሴት ስለሆኑ» ማለት እውነት አለው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ማተሚያ ቤት ነው። የከበደ ሚካኤል ሥራዎች ታተሙ፣ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ትውልድ በቃሉ ያዛቸው። የስንዱ ተውኔቶች ግን አብዛኞቹ የትምህርት ቤት በዓል ማድመቂያ ተደርገው ታዩ። ያልታተመ ተውኔት ደግሞ መጋረጃው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ተውኔት «እውነተኛ ቴአትር» ተብሎ ስላልተቆጠረ፣ ይታተም የሚል አልተነሣም።

ወይዘሮ ስንዱ በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራቸውን ለመፈለግ ግን ጊዜው ጨርሶ አላለፈም። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ሄደው መነን የተማሩ አንዲት አያት ሊኖሩ ይችላሉ። መድረክ ላይ ያሉትን ቃል ዛሬም ያስታውሱ ይሆናል። ሳጥናቸው ውስጥም ቢጫ የሆነ ደብተር ይኖር ይሆናል።

ጠይቋቸው። የሚሉትን ጻፉት፤ ስልካችሁም ድምፅ ይቀዳል። ሊቃውንቱ ያላኖሩትን አንዳንዴ አያት አኑረውታል፤ እሳቸውም ሳይጠየቁ ካለፉ ግን ሁለተኛው መጋረጃ ወረደ ማለት ነው።