የሸክላ ማጫወቻ ሞቶር ንቅጥቅጥ እንዴት እንደ ተገታ

የሰው ድምፅ ከአፍ እንደ ወጣ ተበትኖ ይጠፋ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዓመት አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ድምፅን በጥቅል ላይ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ ፎኖግራፍ የሚባል መሣሪያ ከሠራ ወዲህ ግን ያለፈውን ቃል እንደ ገና መስማት ተቻለ። ከዚህ በታች የተነገሩት ዓመታት ኹሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የዚህ ብልሃት ዋጋ በኢትዮጵያም ሳይዘገይ ታወቀ። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክ የሰላምታ ቃላቸውን በሰም ጥቅል ላይ አስቀርጸው ላኩ፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም መልሳቸውን በዚያው ብልሃት አስቀረጹ። የንግሥቲቱ ጥቅል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለ ታዘዘ አልቀረም፤ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ባለቤቶቹ ካለፉ በኋላም ይሰማል።

ይሁን እንጂ የተቀረጸ ድምፅ ብቻውን አይናገርም፤ የሚያሽከረክረው ኀይል ያስፈልገዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሚያሽከረክር ኀይል ኹሉ ይንቀጠቀጣል፤ ፈሩን የሚከተለው መርፌም የሚያውቀው ንቅጥቅጥን ብቻ ነው። በፈሩ ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን የዘማሪ ድምፅና ከሞቶር የመጣውን ንቅጥቅጥ ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ ኹለቱን አንድ አድርጎ ያሰማል። ስለዚህ የሸክላ ማጫወቻ ታሪክ፥ በብዙ ወገኑ፥ አገልጋዩ በጌታው ንግግር መካከል እንዳይገባ የማድረግ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ይህ ነገር ብዙ አላሳሰበም። ኤሚል በርሊነር በ1887 በጥቅል ፈንታ ጠፍጣፋ ክብ ሸክላ የሚያጫውተውን ግራሞፎን ባወጣ ጊዜ ማሽከርከሪያው የሰው እጅ ነበረ፤ እጅ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፥ እጅ ሲዘገይ ይወፍራል። በ1896 በካምደን ከተማ የመካኒክ ሥራ ቤት የነበረው ኤልድሪጅ ጆንሰን ለግራሞፎን የሚስማማ ባለ ሞላ ሞቶር ሠራ፤ ፍጥነቱንም የሚገታ መቆጣጠሪያ አደረገለት። የዚህ ሞቶር ጥርሶች ይንኳኩ ነበረ፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ሸክላ ሼላክ ከሚባል ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ስለ ነበረ ከመርፌው ሥር የሚወጣው የመፋቅ ድምፅ ከፍተኛ ነበረ። ድምፁን የሚያጎላው ቀንድም ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ ማሰማት አይችልም ነበረ። እንደዚህ ሆኖ ትልቁ ጫጫታ ትንሹን ሸሸገው።

ኋላ ግን መሸሸጊያው በሦስት ደረጃ ተገፈፈ። አስቀድሞ በ1948 በአሜሪካ የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረውን ረዥሙን ሸክላ አወጣ፤ ይህም ቪኒል ከሚባል ለስላሳ ነገር የተሠራ በመሆኑ የራሱ ጫጫታ እጅግ ያነሰ ሆነ። ኹለተኛውም ይህ ነው፤ ፈሮቹ እንዳይሰፉ ሲባል ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ ይቀረጻል፥ በሚሰማበትም ጊዜ ተመልሶ ይጎላል። በ1954 በአሜሪካ በተወሰነው ደንብ መሠረት በሴኮንድ 20 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ 1000 ጊዜ ከሚርገበገበው ይልቅ ወደ 9 እጥፍ ይጎላል፤ የሞቶሩም ጉርምርምታ ከዚያው ወገን ስለ ሆነ አብሮ ይጎላል። ሦስተኛ፥ በ1958 በኹለት ወገን የሚሰማው የስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ቀረበ። ቀድሞ መርፌው የሚያዳምጠው ወደ ጎን የሚደረገውን እንቅስቃሴ ብቻ ነበረ፤ ለስቴሪዮ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ያለውንም ማዳመጥ ግዴታ ሆነ። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ሳይሰማ የኖረው የሞቶር መነሣትና መውደቅ በድንገት ተሰማ።

የዚያን ጊዜ የተከበሩት ማጫወቻዎች በአብዛኛው በጎማ መንኰራኵር የሚሠሩ ነበሩ። በደቂቃ ወደ 1500 ጊዜ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞቶር ጫፉ ጎማውን ይነካል፥ ጎማውም ሸክላው የተቀመጠበትን ሰሐን በጠርዙ ይገፋል። ኀይሉ ጠንካራ፥ አነሣሡም ፈጣን ነው። ነገር ግን ሞቶሩ በሴኮንድ 25 ጊዜ ስለሚዞር እያንዳንዱ ዙር የሚያመጣው ንቅጥቅጥ በጎማው በኩል ወደ ሰሐኑ ቀጥታ መንገድ አገኘ። በእንግሊዝ አገር በ1954 የወጣው ጋራርድ 301 ይህን በከባድ ሰሐንና በጥንቃቄ በተሠራ ሞቶር ታገለ፤ በስዊስ አገር በ1957 የወጣው ቶረንስ ቲ ዲ 124 ደግሞ በሞቶሩና በጎማው መካከል ቺንጋ አስገባ። ኹለቱም የተደነቁ ሥራዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነበረ።

ነገሩን ከሥሩ የለወጠው አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ነው። በ1961 ኤ አር የሚባለው ኩባንያው ባወጣው ማጫወቻ ሞቶሩን ከማጠንከር ይልቅ ማራቅን መረጠ። ሞቶሩን ከላይኛው ገበታ ጋር አሰረ፤ ሰሐኑንና መርፌ ያዡን ክንድ ግን በአንድ ብረት ላይ አብሮ አስቀምጦ ብረቱን በሦስት ሞላዎች ላይ አንጠለጠለ። በሞቶሩና በሰሐኑ መካከል የቀረው መገናኛ ልል የጎማ ቺንጋ ብቻ ነው።

አንባቢ ይህ ስለምን እንደሚረዳ ይጠይቅ ይሆናል። እንስራ አዝላ ከምንጭ የምትመለስ ሴት እግርዋ በድንጋይ ላይ ሲረግጥ ውሃው አይፈስባትም፤ ጉልበቷና ወገቧ የእርምጃውን ግጭት ስለሚውጡት ነው። እንደዚሁም ከባድ ነገር በልል ሞላ ላይ ሲቀመጥ በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ መወዛወዝ ያውቃል፤ በሴኮንድ 25 ጊዜ የሚመጣ ንቅጥቅጥ ሲደርስበት ሊከተለው ስለማይችል ንቅጥቅጡ በሞላው ውስጥ ይቀራል። ቪልቹር ክንዱንና ሰሐኑን ያልለያየበትም ምክንያት ይህ ነው፤ ኹለቱ አንድነት ቢንቀሳቀሱ መርፌውና ፈሩ አብረው ስለሚሄዱ በመካከላቸው ልዩነት አይኖርም፥ ልዩነት ከሌለም ድምፅ የለም። ሣጥኑን በመዶሻ ቢመቱት እንኳ መርፌው ከፈሩ እንዳይዘል ሆኖ ተሠራ። ዋጋውም ከታላላቆቹ በእጅጉ ያነሰ ነበረ።

በ1972 በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ የታየው ሊን ኤል ፒ 12 ይህንኑ መንገድ ተከትሎ እጅግ ውድ ወደ ሆነው ሥራ አደረሰው። ከዚህ በኋላ የባለ ሙያዎች ጥረት ወደ ንቅጥቅጡ ምንጭ ተመለሰ። በእነዚህ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞቶር የከተማውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ እርምጃ ተከትሎ የሚዞር ነው። በውስጡ ኹለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ የኹለተኛው ኤሌክትሪክ ከመጀመሪያው በሩብ እርምጃ መዘግየት አለበት። ይህን የሚያደርገው ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው፤ ልኩን ከሳተ ግን አንዱ ጥቅል ከሌላው ይልቅ እየሳበ ሞቶሩን በሴኮንድ 100 ጊዜ ያንገጫግጨዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ከከተማው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ትተው በክሪስታል የተለካ ንጹሕ ኤሌክትሪክ በማጫወቻው ውስጥ መሥራት ጀመሩ፤ ሊንም በ1982 ቫልሃላ የሚባለውን እንዲህ ያለ መሣሪያ አወጣ። ሌሎችም ሰሐኑ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ለሞቶሩ የሚሰጠውን ኀይል ይቀንሳሉ፤ የሚዞረውን ከባድ ሰሐን በመንገዱ ለማቆየት ጥቂት ጉልበት ይበቃልና።

ከዚህ ኹሉ የተለየ መልስ የመጣው ከጃፓን ነው። በ1970 ማትሱሺታ የሚባለው ኩባንያ ባወጣው ቴክኒክስ ኤስ ፒ 10 ላይ ቺንጋውም ጎማውም ቀረ፤ ሰሐኑ በሞቶሩ ዘንግ ላይ ተቀመጠ። ይህ ከቪልቹር ምክር ጋር የሚጣላ ይመስላል። ሆኖም ይህ ሞቶር እንደ ሸክላው በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ብቻ ስለሚዞር የአንዱ ዙር ንቅጥቅጥ በ1.8 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ እንዲህ ያለውን ዝግታ የሰው ጆሮ አይሰማውም። አንደኛው ፈጣኑን አገልጋይ ከደጅ አቆመው፤ ኹለተኛው አገልጋዩን በጌታው እርምጃ መራመድ አስተማረው። ከኹለቱ የቱ እንደሚበልጥ የሚደረገው ክርክር ግን አላበቃም።

ለዚህ ያህል ድካም ምክንያት የሆነው ነገር በዓይን አይታይም። በሸክላ ላይ የተቀረጸው ቀጭኑ ድምፅ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ቅርጽ ነው፤ የዘማሪው ትንፋሽ፥ የጣት በክር ላይ መንሸራተት፥ በኹለት ቃል መካከል ያለው ዝምታ ያሉት በዚያ ውስጥ ነው። ሞቶሩ ሲያጉረመርም ዜማው ላይጠፋ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚሸፈነው ይህ ትንሹ ነው። የሰው ማንነት የሚታወቀውም ብዙ ጊዜ በዚህ ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ ሞላውን የለካ፥ ቺንጋውን ያላላ፥ ኤሌክትሪኩን ያጠራ ባለ ሙያ በሸክላው ላይ የጨመረው አንዳች ድምፅ የለም፤ ሥራው ያለፈው ሰው ሲናገር ሌላው ዝም እንዲል ማድረግ ነበረ።